በአንድ ፊደል የሄደ ዓመት ተኩል፦ ከኮሙኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገረች ልጅ ጉዳይ

ይሄ የአክስቴ ልጅ ጉዳይ ነው። እሷኑ አስፈቅጄ ነው የምጽፈው፣ ስሟንም የተማረችበትን ኮሌጅም አልጠራም፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ካሉት 23 ኮሙኒቲ ኮሌጆች አንዱ ነው ማለት ይበቃል። የምጽፍበት ምክንያት ደግሞ ባለፉት አራት አምስት ዓመታት ወረቀቷን ከሷ ጋር ቁጭ ብዬ ያገላበጥኩት እኔ ስለሆንኩና ያየሁት ነገር የሷ ብቻ እንዳልሆነ ስለገባኝ ነው። ዲሲ አካባቢ "ኮሙኒቲ ኮሌጅ ግቢ፣ ሁለት ዓመት በርካሽ ተማሪ፣ ከዛ ትራንስፈር አድርጊ" ብሎ የማይመክር አበሻ የለም፣ ምክሩም ትክክል ነው፣ እኔም መክሬያታለሁ። ግን "ከዛ ትራንስፈር አድርጊ" የምትለዋ ቃል ውስጥ ያለውን ጣጣ ማንም ቁጭ ብሎ አይነግርሽም።

ልጅቷ በ2019 ክረምት ላይ በእናቷ ዲቪ መጣች፣ 19 ዓመቷ ነበር። ቨርጂኒያ ለስቴቱ ነዋሪ የሚከፈለውን ዋጋ ለማግኘት አንድ ዓመት መኖር ስለሚያስፈልግ የመጀመሪያውን ዓመት ኤርፖርት ውስጥ ሥራ ገባችና በ2020 ፎል ላይ ተመዘገበች። ያው ኮቪድ ነበር፣ ካምፓስ ዝግ ነው፣ ሁሉም ነገር በላፕቶፕ ነው። አድቫይዘር የሚባለውን ሰው ያገኘችው በዙም ነው፣ ሃያ ደቂቃ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ደግሞ ሌላ ሰው፣ ከዛም ሌላ። ኮምፒውተር መማር እፈልጋለሁ ብላ ከዝርዝሩ ውስጥ ኢንፎርሜሽን የሚል ስም ያለውን ፕሮግራም መረጠች።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። ኮሌጁ ውስጥ ስማቸው ወንድምና እህት የሚመስሉ ሁለት ፕሮግራሞች አሉ። አንዱ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ይባላል፣ መጨረሻው ላይ ኤ.ኤስ ይላል። ሌላው ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ቴክኖሎጂ ይባላል፣ መጨረሻው ላይ ኤ.ኤ.ኤስ ይላል። ልዩነቷ አንዲት "ኤ" ናት፣ አፕላይድ ማለት ነው። ኤ.ኤስ እና ኤ.ኤ የሚባሉት ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር ተብለው የተሠሩ የሁለት ዓመት ዲግሪዎች ናቸው። ኤ.ኤ.ኤስ ግን ከኮሌጅ ወጥተሽ በቀጥታ ሥራ እንድትገቢ ነው የተሠራው፣ ኔትወርክ ትዘረጊያለሽ፣ ኮምፒውተር ትጠግኛለሽ፣ ለዛ በጣም ጥሩ ዲግሪ ነው፣ ያንን ይዘው ጥሩ ደሞዝ የሚበሉ ሰዎች አውቃለሁ። የሷ ሐሳብ ግን ኮምፒውተር ሳይንስ በባችለር መጨረስ ነበር፣ ያንንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስትናገር ነበር። የያዘችው ኤ.ኤ.ኤስ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት አድቫይዘር ሲያናግራት አንዱም "ይሄ ለትራንስፈር አይሆንሽም" አላላትም። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ፋይሏን ለከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ነገር ነው።

ያወቅነው በ2022 ማርች ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ እሷ ላፕቶፕ ይዛ መጣችና "ጋሼ፣ ትራንስፈር ማመልከቻው ላይ የሞላሁትን እይልኝ" አለችኝ። ማመልከቻው ደህና ነው። ከዛ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዩኒቨርሲቲው ለኮምፒውተር ሳይንስ የሚፈልጋቸው የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ኮርሶች ዝርዝር የት አለ አልኳትና አብረን ፈለግን። ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባል የስቴቱ ድረገጽ አለ፣ የኮሌጅሽን ኮርስ ኮድ ትሰጪዋለሽ፣ እዛኛው ዩኒቨርሲቲ ጋ ምን ተብሎ እንደሚቆጠር ያሳይሻል። አንድ በአንድ ማስገባት ጀመርን። ኢንግሊሽ 111፣ ጥሩ። ኢንግሊሽ 112፣ ጥሩ። ታሪክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ኮሙኒኬሽን፣ ጥሩ። ከዛ ሒሳቡ ጋ ስንደርስ ቆመ። የወሰደችው ኤምቲኤች 154 ነው፣ ኳንቲቴቲቭ ሪዝኒንግ የሚባለው። ኤ ነው ያገኘችው። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚፈልገው ግን ካልኩለስ አንድ እና ሁለት ነው፣ ኤምቲኤች 263 እና 264፣ ወደዛ ለመግባት ደግሞ ፕሪካልኩለስ ማለትም 167ን ማለፍ አለባት። 154 ወደ ካልኩለስ የሚወስድ መንገድ አይደለም፣ ለሌላ ሙያ የተሠራ የራሱ መንገድ ነው። ማለትም በሒሳብ በኩል በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ እርምጃ አልተራመደችም።

ከዛ የኔትወርክ፣ የሃርድዌርና የፕሮግራሚንግ ኮርሶቿን አስገባን። ስድስት ኮርስ፣ 19 ክሬዲት። ሁሉም ፊት ለፊት "ኢሌክቲቭ"፣ ማለትም ምርጫ ኮርስ፣ የሚል ወጣ። ልጅቷ ደስ አላትና "ጋሼ፣ ኢሌክቲቭ ማለት ተቀብለውታል ማለት ነው አይደል?" አለችኝ። እኔም እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ደቂቃ እንደዛ መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ትራንስፈር ሲባል ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው ያሉት፣ እኛ ግን እንደ አንድ ነው የምናያቸው። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲው አንቺን ተቀበለሽ ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ክሬዲቶችሽን ተቀበላቸው ወይ ነው። ሦስተኛው የተቀበላቸው ክሬዲቶች የሜጀርሽን ዲግሪ ከሚያስጨርሱት ኮርሶች አንዱን ይተካሉ ወይ ነው። ኢሌክቲቭ ተብሎ የገባ ክሬዲት ሁለተኛውን አልፎ ሦስተኛው ላይ የወደቀ ነው። ትራንስክሪፕትሽ ላይ ይታያል፣ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ግን ኮምፒውተር ሳይንስ የመሰለ ኮርሱ ሁሉ የታሰረ ሜጀር ውስጥ ነፃ የኢሌክቲቭ ቦታ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከዛ በላይ ያለው ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ያንን ማታ በወረቀት ስንደምረው ከ41 ክሬዲቷ ዲግሪዋ ላይ የሚቆጠረው 19 ብቻ ነበር። የቀረው 22፣ ማለትም የኢሌክቲቮቹ 19 እና የ154 ሒሳብ 3፣ ከአንድ ሴሚስተር በላይ ነው፣ ሒሳቡን ከዜሮ መጀመር ሲጨመርበት ዓመት ተኩል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የወሰደችው ኢ.ኤስ.ኤል፣ አፍ መፍቻቸው እንግሊዝኛ ላልሆነ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ኮርስ፣ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልተቆጠረም፣ እሱ ወደ ዲግሪ አይገባም። አክስቴ ሁለተኛ ቡና ልታቀርብ መጥታ ፊታችንን አይታ ሰው የሞተ ነው የመሰላት።

የሷ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ሳነብ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የሚያሠራው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2004 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆን ክሬዲታቸውን አጥተዋል ይላል። እሱ ሁሉንም ዓይነት ዝውውር አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። ወደ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ስንመጣ ደግሞ ከሚገቡት 10 ተማሪዎች 8 ያህሉ ባችለር መያዝ እፈልጋለሁ ይላሉ፣ የሚሻገሩት ግን ሲሶ ያህሉ ናቸው፣ በ6 ዓመት ውስጥ ባችለሩን በእጃቸው የሚያስገቡት ከ100 ወደ 16 ቢሆኑ ነው። ይሄን ለልጅቷ ሳሳያት "እኔ ታዲያ ከየትኞቹ ነኝ?" ነው ያለችኝ።

ያኔ ሁለት ምርጫ ነበራት። አንደኛው ባላት ክሬዲት አሁኑኑ መሻገርና የቀረውን እዛ መማር። ተቀባይነት ታገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ጂፒኤዋ 3.3 ነበር። ግን ዩኒቨርሲቲው ጋ የአንድ ክሬዲት ዋጋ ከኮሙኒቲ ኮሌጁ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ፕሪካልኩለስን እዛ መማር ብር መበተን ነው። ሁለተኛው ፕሮግራም ቀይራ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ኤ.ኤስ ገብታ ሙሉ አሶሼቱን፣ ማለትም የሁለት ዓመቱን ዲግሪ፣ ይዛ መሻገር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ይሄ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ለትራንስፈር የተሠራውን አሶሼት ጨርሰሽ ከሄድሽ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች የታችኛውን የጄኔራል ኤጁኬሽን፣ ማለትም ሜጀሩ ምንም ይሁን ሁሉም ተማሪ የሚወስደውን የጋራ ትምህርት፣ ግዴታ ባጠቃላይ እንደተሟላ ይቆጥሩልሻል፣ ብዙዎቹም ከኮሙኒቲ ኮሌጆቹ ጋር የተፈራረሙት ጋራንቲድ አድሚሽን የሚባል ስምምነት አላቸው፣ የተባለውን ጂፒኤ ካሟላሽ መግባትሽ የተረጋገጠ ነው። ዝም ብለሽ 41 ክሬዲት ይዘሽ ስትሄጂ ግን በየኮርሱ ነው የምትመዘኚው። እኔ ሁለተኛውን መከርኳት፣ እሷ ግን ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እኩዮቼ ሊመረቁ ነው፣ እኔ ወደ ፕሪካልኩለስ? ብላ። አልፈርድባትም። በመጨረሻ ራሷ ደውላ "ሰመር ላይ 167 ተመዝግቤያለሁ" አለችኝ።

167 አምስት ክሬዲት ነው፣ በሰመር ደግሞ የታመቀ ነው፣ በየቀኑ የቤት ሥራ አለው። ኤርፖርት የምትሠራው ከማለዳ 4 ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር እስከ እኩለ ቀን ነው፣ ከዛ ቤተ መጻሕፍት ትገባለች። ቢ አገኘች። ፎል ላይ ካልኩለስ አንድ፣ በ2023 ስፕሪንግ ካልኩለስ ሁለት፣ ጎን ለጎን የፕሮግራሚንጉን ተከታታይ ሲኤስሲ 221 እና 222፣ ከዛ ፊዚክስና ዲስክሪት ማት። ከሥራ ጋር ስለሆነ በሴሚስተር ዘጠኝ አስር ክሬዲት ነው የወሰደችው። በ2024 ሜይ ላይ ኤ.ኤሱ አለቀ። ለሁለት ዓመት የታሰበ ነገር አራት ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

አሁን ገንዘቡ ጋ ልምጣ፣ ምክንያቱም የጠፋ ክሬዲት ጊዜ ብቻ አይደለም የሚበላው። ፔል ግራንት፣ ማለትም ፌዴራል መንግሥቱ ገቢው ዝቅ ላለ ተማሪ የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ፣ የዕድሜ ልክ ጣሪያ አለው፣ 12 ሙሉ ሴሚስተር፣ እነሱ በመቶኛ 600 ብለው ይቆጥሩታል። ኮሙኒቲ ኮሌጅ እያለሽ የወሰድሽው ሁሉ ከዚህ ላይ ነው የሚቀነሰው፣ ኮርሱ በኋላ ይቆጠር አይቆጠር ጉዳያቸው አይደለም። በ2024 ስፕሪንግ የፌዴራል ተማሪ እርዳታ አካውንቷ ውስጥ ገብተን ስናይ 350 በመቶ ተጠቅማለች ይላል። የቀራት 250፣ ማለትም አምስት ሙሉ ሴሚስተር። ዩኒቨርሲቲው ጋ ለባችለሩ የሚቀራት 63 ክሬዲት፣ እሱም በ12 እና በ13 ስትከፍይው አምስት ሴሚስተር። ልክ በልክ። አንድ ኮርስ ብትወድቅ ከኪሷ ነው።

በዛ ላይ በ2024 ፎል የምትገባ ስለነበረች፣ ለፋፍሳ፣ ማለትም ለፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ፎርሙ፣ እሱ ክፉ ዓመት ነበር። ፎርሙ ተለውጦ በተለመደው ኦክቶበር 1 መከፈቱ ቀርቶ በ2023 ዲሴምበር የመጨረሻ ቀናት ነው የተከፈተው፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ውጤቱን ማግኘት የጀመሩት በማርች ነው። ማታ ማታ እየገባች ስትሞላ ገጹ ይዘጋባታል፣ ደግማ ትጀምራለች። የዩኒቨርሲቲው የእርዳታ ደብዳቤ ሳይመጣ ነው እገባለሁ አልገባም የሚለውን መልስ እንድትሰጥ የተጠየቀችው። አንድ ደግ ነገር ግን ነበረ። በ2000 የተወለደች ስለሆነች በዛ ዓመት ፎርም ላይ ኢንዲፔንደንት ሆነች፣ ከ2001 ጃንዋሪ 1 በፊት የተወለደ የቤተሰቡ ገቢ አይጠየቅም። ከዛ በፊት የአክስቴና የባሏ ደሞዝ ተደምሮ ፔሉን ዝቅ ያደርገው ነበር፣ አሁን የራሷ ብቻ ሆነና ወደ ላይ ወጣ። በዛ ዓመት የፔል ጣሪያ 7,395 ዶላር ነበር። ቨርጂኒያ ደግሞ አሶሼት ጨርሰው ለሚሻገሩ የሚሰጠው የትራንስፈር ግራንት አለ፣ መነሻው በዓመት 1,000 ዶላር ነው፣ 3.0 ጂፒኤና የገንዘብ ችግር መኖሩን ይጠይቃል። እሱንም አገኘች። ይሄንን ግራንት ከኛ ሰው ስሙን የሰማ አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው እንቅፋት ከምንም አልቆጠርነውም ነበር። ጁን ላይ የዩኒቨርሲቲው የክሬዲት ግምገማ ፖርታሏ ላይ ወጣ፣ ስናየው ጄኔራል ኤጁኬሽን ገና አልተሟላም፣ ሁለት ኮርስ ይቀርሻል ይላል። አሶሼት ይዣለሁ እኮ! ለካ የላከችው ትራንስክሪፕት የመጨረሻው ውጤት በገባበት ሳምንት የወጣ ነው፣ ኮርሶቹ አሉ፣ ዲግሪው ተሰጥቷል የምትለዋ መስመር ግን የለችም። ዲግሪው ደግሞ በራሱ አይመጣም፣ ለመመረቅ በፎርም ማመልከት አለ፣ እሷ ያንን በጊዜ አመልክታ ነበር፣ ያ ነው ያዳናት። መስመሯ እስክትገባ ሁለት ሳምንት ጠብቃ ትራንስክሪፕቱን እንደገና ላከች፣ ሁለቱ ኮርሶች ተሰረዙ። ለሁለተኛ ጊዜ ባትልከው ኖሮ ስድስት ክሬዲት በከንቱ ትማር ነበር።

ሦስተኛው ድሮ የወሰደችው የፕሮግራሚንግ ኮርስ ነው፣ በኤ.ኤ.ኤሱ ጊዜ። ኢሌክቲቭ ተብሎ የገባውን ዲፓርትመንቱ እንደገና እንዲያይላት ጠየቀች። ለዚህ የሚያስፈልገው ሲላበስ ነው፣ የዛን ሴሚስተር ሲላበስ፣ በሳምንት በሳምንት ምን እንደተማሩ፣ የትኛውን መጽሐፍ እንደተጠቀሙ የሚያሳየው። ይሄ ልጅ አንድ ጥሩ ጠባይ አላት፣ ምንም ነገር አትጥልም። ስልኳ ላይ በየሴሚስተሩ ፎልደር አለ፣ ሲላበሱ፣ የሠራቻቸው ፕሮጀክቶች ሁሉ። ዘጠኝ ገጹን አያይዛ ላከች፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፣ ኮርሱ ለሜጀሩ መግቢያ ኮርስ ተቆጠረላት። የኔትወርኮቹ ሁለቱን ሞክራ አልተሳካም። 63 ያልኩት ቁጥር ይሄ ከተቆጠረላት በኋላ ያለው ነው።

ከገባች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሴሚስተር ከሁሉም ከበደ። ይሄ ትራንስፈር ሾክ የሚባል ስም ያለው ነገር ነው፣ የሚሻገሩ ተማሪዎች የመጀመሪያ ሴሚስተር ጂፒኤ ዝቅ ይላል። ምክንያቱን ከሷ ነው የተረዳሁት። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የጀመረ ልጅ ከባድ ኮርስ ሁለት ከወሰደ አንድ ታሪክ አንድ ሙዚቃ ምናምን ጨምሮ ያቀላዋል። እሷ ግን ቀላሎቹን ኮሙኒቲ ኮሌጅ ጨርሳቸዋለች፣ የቀራት ከባድ ብቻ ነው። አራቱም የሜጀር ኮርስ ሆኖ በአንድ ጊዜ ወደቀባት። ጂፒኤ ደግሞ አብሮ አይሻገርም፣ ክሬዲቱ ይሄዳል እንጂ 3.3ቱ እዛው ይቀራል፣ በዜሮ ነው የምትጀምሪው፣ ስለዚህ አንድ መጥፎ ውጤት ሙሉ በሙሉ ይታያል። ኦክቶበር ላይ ደውላ አለቀሰች። ጓደኛ የላትም፣ ሁሉም በፍሬሽማንነታቸው የተዋወቁ ናቸው፣ ላብ ውስጥ ጥንድ ሁኑ ሲባል ብቻዋን ትቀራለች። አንዱን ኮርስ ዊዝድሮው አደረገች፣ ማለትም በመሃል አቋርጣ ወጣች። በ2025 ሰመር ላይ በራሷ ገንዘብ፣ ሦስት ክሬዲት፣ ከኤርፖርት ያጠራቀመችውን ከፍላ ደገመችውና ቢ ፕላስ አመጣች። ካስጠጓት ነገሮች አንዱ የኢትዮጵያና ኤርትራ ተማሪዎች ማኅበር ነው፣ እዛ ነው በካልኩለስ ሦስት አብራት የምታጠና ልጅ ያገኘችው፣ እሷም ከሌላ ኮሙኒቲ ኮሌጅ የመጣች።

ቢደገም ምን ይሻል ነበር ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የምትሄጂበትን ዩኒቨርሲቲና ሜጀር ይዘሽ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ኖቫ የሚባለው ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 የጀመሩት አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም ይሄንኑ ነው የሚሠራው፣ ገና ኮሌጅ ስትጀምሪ የአራቱን ዓመት ኮርስ በዝርዝር ይሰጡሻል፣ በየሴሚስተሩ ሰው አይቀያየርም፣ አንድ አማካሪ እስከ መጨረሻው ይከተልሻል። እንደዚህ ዓይነት ነገር በሌለበት ኮሌጅ ደግሞ ተማሪዋ ራሷ የዩኒቨርሲቲውን የትራንስፈር አማካሪ ገና ሳትሻገር፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ በኢሜይል ማግኘት ትችላለች፣ አይከለክሉም። እኛ ያንን ያደረግነው ሦስት ዓመት ዘግይተን ነው፣ የመለሰችልን ሴትዮ ደግሞ በማግስቱ ነው የመለሰችልን። ሌላው ሒሳብ ነው። ኢንጂነሪንግ፣ ኮምፒውተር፣ ፊዚክስ የሚያስብ ልጅ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የሚመዘገበው የሒሳብ ኮርስ ወደ ካልኩለስ የሚሄደው መስመር ላይ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት፣ ከሌላው ሁሉ በፊት፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሌላውን እየጠበቀ ስለሚሄድ በሰመር እንኳን ማሳጠር የሚቻለው ትንሽ ነው።

አሁን 2026 ስፕሪንግ ላይ ነች። ከ63ቱ 38ቱን ጨርሳለች፣ 12 ይዛለች፣ ለፎል 13 ይቀራታል። ፔሉም ያኔ ነው የሚያልቀው፣ በአምስተኛው ሴሚስተር። ከኔትወርክ ኮርሶቹ አንዱን፣ የሴኩሪቲውን፣ ለመጨረሻ ዓመት ምርጫ ኮርስ እንዲቆጥሩላት ለሦስተኛ ጊዜ አመልክታለች፣ ከተቆጠረላት ፎል ላይ የሚቀራት 10 ብቻ ነው፣ ግን ያኔ ከ12 በታች ስለምትወርድ ፔሉ በዛው ልክ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ይቆጠርልኝ ወይስ ይቅርብኝ የሚለውን ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪና ውስጥ በስልኳ ስትደምር ነበር። አሥሩን ወስዳ አንድ ቀን ጨምራ ብትሠራ ይሻላል አለችኝ። የዲፓርትመንቱ መልስ ገና አልመጣም።